ልብን ሰብስቦ ከልጅ ጋር መቀመጥ

በጸሎት ላይ ሐሳብ እንደሚባዝን የማያውቅ የለም። አጠገቡ ተቀምጦ ልቡ የሄደበትን ሰው ደግሞ ልጅ ቶሎ ይለየዋል፤ «እማዬ፣ እዪኝ እንጂ!» ይላል። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ የሄደውን ሐሳብ ራስን ሳይቆጡ መመለስ። ስለዚህ ከልጅ ጋር የምትቀመጡበትን ሰዓት እንደ ጸሎት ሰዓት ያዙት።

ለድሬዳዋ ቤት የሚመቸው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ልጁን ያነጫንጨዋል፤ ጫት የሚቃምበት የበርጫ ሰዓትም ስለሆነ ትልቁ ሰው በአካል ቢኖርም ልቡ የለም። 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ በ10 ጀምሩ።

ስልኩን ድምፁን አጥፍታችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ ኪስ ውስጥ ካለ እጅ ሳያስቡት ይሄዳል። ዓይናችሁ ከልጁ ዓይን እኩል እንዲሆን ሰሌን አንጥፋችሁ መሬት ተቀመጡ። በስመ አብ ወይም ቢስሚላህ ብላችሁ ጀምሩ፤ ልጁም ይስማ።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው የልጁ ነው። ቆርኪ ሲደረድር «ስንት ሆነ? ይሄ ምን ቀለም ነው?» አትበሉት። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጨዋታው ፈተና ይሆንበትና ልጁ ትቶት ይነሳል። ያያችሁትን ብቻ በአጭሩ ተናገሩ፤ «ቀዩን ከላይ አደረግከው።» ከዚያ ዝም። እጁን እዩ፤ አልቆም ያለውን ቆርኪ ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ሲያስቀምጠው።

ሐሳባችሁ ወደ እቁቡ ወይም ወደ ራቱ መሄዱ አይቀርም። መሄዱን ስታውቁ አንዴ በረጅሙ ተንፍሱና ዓይናችሁን ወደ ልጁ እጅ መልሱ። 30 ጊዜ ቢሄድ 30 ጊዜ መልሱት፤ ቀኑ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ልጁ ቢማታ እጁን ይዛችሁ «መማታት የለም» በሉትና አብራችሁት ቆዩ። ሰዓቱን ግን ለቅጣት አትከልክሉት፤ የእናቱን ልብ በጠባዩ የሚገዛው ይመስለዋል።

8 ዓመት ያለፈው መሬት መቀመጥ ይሰለቸዋል። ከዚራ ሰፈር የዛፎቹ ጥላ ሥር በእሱ እርምጃ አብራችሁት ሂዱ። ክረምት ላይ ግን ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ አትውረዱ፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ሊያልቅ 2 ደቂቃ ሲቀረው ንገሩት፤ በድንገት ከተነሳችሁ ለቅሶ ይከተላል። ቆርኪውን አብራችሁ ልቀሙ። ልጆቹ ሁለት ከሆኑ በፈረቃ አድርጉት፤ አንዱ ተራው እስኪደርስ አያቱ ጋ ይቆይ።