ግዋንግጃንግ ገበያ ስትገቡ እነዚህን አትሳሳቱ

ሴኡል፣ ጆንግኖ ሰፈር ያለው ግዋንግጃንግ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተ ገበያ ነው። ዛሬም ጨርቅ ይሸጥበታል። ሰው የሚጎርፈው ግን መሃሉ ላይ ለተደረደሩት የምግብ ባንኮኒዎች ነው።

«ሥጋ የለበትም፣ የጾም ነው» ማለት። ለእኛ ሰው ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቶክቦኪ ሲያዩት የሩዝ ሊጥ በቀይ በርበሬ ስልስ ብቻ ይመስላል። መረቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከደረቁ ትንንሽ ዓሦች ነው። አብሮት የሚቀቀለው ኦሙክም የተፈጨ ዓሣ ነው። ቢንዴቶክ የሚባለው የማሾ ቂጣ ውስጥም የአሳማ ሥጋ ሊኖር ይችላል። ሱንዴ ደግሞ ጭራሽ አይነሳ፤ የአሳማ አንጀት ውስጥ ደምና ኑድል ተሞልቶ ነው የሚሠራው። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ጣጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ቃል ያዙ፦ «ዱዌጂጎጊ» የአሳማ ሥጋ፣ «ሴንግሶን» ዓሣ። በጣት እያሳያችሁ ጠይቁ።

ዩክዌን እንደ ክትፎ መጠበቅ። ጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሚጥሚጣ የለም፣ ቅቤ የለም። በቀጭኑ ተቆርጦ በሰሊጥ ዘይት ይታሻል፤ ከጎኑ የኮሪያ ፒር፣ ከላዩ የእንቁላል አስኳል ይደረጋል። ጣፈጥ ይላል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ የቡታጅራ ልጅ ጓደኛ ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁት።

የመጀመሪያው ባንኮኒ ላይ መጥገብ። አንድ ቢንዴቶክ ወፍራም ነው፣ በብዙ ዘይት ይጠበሳል። ለሁለት አንድ ይበቃል።

ሆቶክ የሚባለውን ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ ወዲያው መግመጥ። ውስጡ የቀለጠ ስኳር ነው። ምላስ ይልጣል።

ጉርሻ ትቶ መሄድ። ኮሪያ ውስጥ ቲፕ አልተለመደም፤ መልሱን ይዘው ሊከተሏችሁ ይችላሉ። ይልቅ ገንዘቡን በሁለት እጅ ስጡ፤ ይሄን እንኳ ከቤታችን ይዘነው ነው የወጣነው። ባለ ባንኮኒዋን ብዙዎች «ኢሞ» ይሏቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት።

ኦሙኩ የተሰካበትን እንጨት መጣል። ብዙ ቦታ ሂሳብ የሚሠራው ፊታችሁ በተጠራቀመው እንጨት ቁጥር ነው። መረቁ ግን በወረቀት ኩባያ በነፃ ይቀዳላችኋል፤ ለክረምቱ ብርድ እሱን የሚያህል የለም።