እግዱስ ተፈቀደ፣ ገንዘቡ የት አለ?

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች «እግድ አወጣ» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እኔም ሲያትል ያለው ቤቴ ሐራጅ ሊወጣ ሲል እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ዳኛዋ ግን መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ ገንዘብ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም፣ ታክሲ ነጂ ነኝ። የምጽፈው ዋሽንግተን ስቴት ስላለው ሕግ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ።

የኔ ጣጣ የጀመረው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ብድሬ ከአንዱ ሰብሳቢ ድርጅት ወደ ሌላው ተዛወረ። የኤፕሪልና የሜይን ክፍያ ለቀድሞው ላክሁ። አዲሱ «አልደረሰኝም» አለ። በፌደራል ደንብ ብድር ከተዛወረ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በስህተት ለቀድሞው በጊዜው የደረሰ ክፍያ እንደዘገየ አይቆጠርም። እሱን ማን ይስማኝ! ከጁን ጀምሮ የምልከውን ቼክ «ጎደሎ ነው» እያሉ መለሱት።

የሠራሁትን ስህተት ልናገር። የተመለሰውን ገንዘብ በላሁት። የመኪናዬ ትራንስሚሽን ተበላሽቶ ነበር፣ አወጣሁበት። እናንተ እንዲህ እንዳታደርጉ። ክርክሩ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ወርሃዊውን ክፍያ ሌላ አካውንት ከፍታችሁ አስቀምጡ። ለምን እንደሆነ ከታች ይገባችኋል።

መጀመሪያ የሐራጅ ማስታወቂያ አይደለም የሚመጣው፣ ክፍያ እንዳጓደላችሁ የሚገልጽ ወረቀት ነው። ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ የሐራጅ ማስታወቂያው ይከተላል። በሩ ላይ ተለጥፎ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ከሌሊት ሥራ ስመለስ። ከዚያ ሐራጁ ድረስ ቢያንስ 90 ቀን አለ፣ ለምንኖርበት ቤት ብዙ ጊዜ 120። ይህ ጊዜ ረጅም ይመስላል፣ አይደለም። በዚሁ ጊዜ ነጻ የቤት አማካሪ ፈልጉ። ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ ከአበዳሪው ጋር በሽምግልና የሚያገናኝ ሕግ አለ። በራሳችሁ ማመልከት ግን አትችሉም፣ አማካሪ ወይም ጠበቃ ነው የሚልካችሁ። የጊዜ ገደብም አለው። እኔ ፖስታ መክፈት ፈርቼ አሳለፍኩት።

እዚህ አገር የኔን ዓይነት ብድር ሐራጅ ለማውጣት አበዳሪው ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ትረስቲ የሚባል ሦስተኛ ወገን ነው ሐራጁን የሚያካሂደው። ስለዚህ እናንተ ካልከሰሳችሁ ዳኛ የሚባል ሰው ጉዳዩን አያየውም። እግዱን ደግሞ ከሐራጁ በፊት መጠየቅ አለባችሁ። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ አንዳንድ የካሳ ጥያቄ ማቅረብ ትችሉ ይሆናል፣ ቤቱን ማስመለስ ግን በጣም ከባድ ነው።

አሁን ቀን እንቁጠር። የኔ ሐራጅ ዓርብ ማርች 15 ቀን 2019 ነበር፣ አራተኛ አቬኑ ላይ በካውንቲው አስተዳደር ሕንጻ በር። ሕጉ፣ ቁጥሩ 61.24.130 ነው፣ ለትረስቲው የ5 ቀን ማስታወቂያ ሳይሰጥ ማንም ዳኛ እግድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ማስታወቂያው መቼ፣ የትና በየትኛው ዳኛ ፊት እንደምትቀርቡ መግለጽ አለበት። ለዳኛው የሚገባው ወረቀት ሁሉ ኮፒው አብሮ ይሄዳል። መድረሱን የሚያሳይ ማረጋገጫም ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለበት። ጠበቃዬ «ቅዳሜና እሁድን አትቁጥር» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ፌብሩዋሪ 22 ዓርብ አስረከብን፣ ቀጠሮው ማርች 4 ሰኞ ሆነ። ጠበቃ ፍለጋ ሌላ ሁለት ሳምንት ብቆይ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

አቤቱታው ላይ «ልጆቼ ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው» ብሎ ማልቀስ ብቻውን አይበቃም። ሕጋዊ ምክንያት ይፈለጋል። እኔን ያዳነኝ ባንኬ ያወጣልኝ የሁለቱ ቼኮች ፎቶ ነው፣ ከፊትም ከጀርባም። ከጀርባው የቀድሞው ድርጅት ማህተም አለ። ያንን ከቃለ መሐላዬ ጋር አያያዝነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዳኛው እግድ ሲፈቅድ ግዴታ የሚያስገባችሁ አንድ ነገር አለ። ሐራጁ ባይኖር ኖሮ ትከፍሉት የነበረውን ዋናውን፣ ወለዱንና የታክስና ኢንሹራንስ ተቀማጩን በየ30 ቀኑ ለፍርድ ቤቱ ክለርክ (መዝገብ ቤት) ማስገባት። የኔ 2,186 ዶላር ነበር። ይህን ዳኛው ሊተውላችሁ አይችልም፣ ሕጉ «ያዝዛል» ነው የሚለው።

ከዚያ በላይ ሌላ ዋስትና አለ። እግዱ ያለአግባብ ሆኖ ከተገኘ ለሌላው ወገን ኪሳራ የሚሆን ማለት ነው። መጠኑን ዳኛው ይወስናል። የአበዳሪው ጠበቃ 30,000 ጠየቀ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ጠበቃዬ ግን የቤቱን ግምት አቀረበች፦ ቤቱ 590,000፣ ቀሪው ዕዳ 310,000። ሕጉ በቤቱ ውስጥ ያላችሁን ድርሻ ዳኛው እንዲያይ ይፈቅዳል። አበዳሪው በቤቱ ዋጋ የተሸፈነ ስለሆነ ዳኛዋ 5,000 አደረገችው። ግምቱን ቀድማችሁ በጽሑፍ አዘጋጁ። ችሎት ላይ በአፍ «ቤቴ ውድ ነው» ቢባል ማን ያምናል?

እኔ ያስቀመጥኩት ገንዘብ አልነበረኝም። 5,000ውን ያገኘሁት እቁብ ላይ ዕጣ የወጣለትን ጓደኛዬን ለምኜ ተራ ተቀያይረን ነው። ካሽየርስ ቼክ፣ ባንኩ ራሱ የሚያወጣውን ቼክ፣ አሠርቼ ኪሴ ይዤ ነበር ችሎት የገባሁት።

በየ30 ቀኑ ሲባል በየወሩ ማለት እንዳይመስላችሁ። ማርች 4 ብትከፍሉ ቀጣዩ ኤፕሪል 3 ነው፣ ከዚያ ሜይ 3፣ ከዚያ ጁን 2። ቀኑ ይሸሻል። እኔን የገላገለኝ ወጥ ቤት የሰቀልነው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው። ማርች 4 የካቲት 25 ነበር። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ መጋቢት 25፣ ሚያዝያ 25፣ ግንቦት 25 እያልኩ ቀጠልኩ። ጳጉሜን እስክትመጣ ድረስ የሚያህለው የለም! ግንቦት 25 እሁድ ዋለ፣ የክለርኩ መስኮት ዝግ ስለሆነ ዓርብ ከፈልኩ። አንድ ቀን ብታሳልፉ ሌላው ወገን እግዱ ይነሳልኝ ብሎ ይሮጣል። ከተነሳ ትረስቲው ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ አዲስ የሐራጅ ቀን ይቆርጣል፣ ከ45 ቀን ያላነሰ።

ደረሰኞቹን አትጣሉ። ክለርኩ ጋ ስትከፍሉ የመዝገብ ቁጥራችሁን ቼኩ ላይ ጻፉ።

በአምስተኛው ወር ሁለቱ ቼኮች ተገኙ ተባለ፣ ታረቅን። ክለርኩ ጋ የተጠራቀመው ለአበዳሪው ሄደ፣ ቀሪው ከብድሩ መጨረሻ ላይ ተደመረ። የ5,000ው ዋስትና የኔ ነው። እሱን ለመውሰድ ግን ዳኛ የፈረመበት ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ ስምምነቱ ብቻ አይበቃም። እኔ ስምምነቱን ይዤ በደስታ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አየችና መለሰችልኝ። ፓርኪንግ 14 ዶላር ከፍዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ።