ሞተር ሳይክላችሁ ሲሞቅ ቀጥ እያለ ካስቸገረ፦ ጥፋተኛውን ሴንሰር እንዴት እንለየው?

ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ሞተር ሳይክል ግን ለሦስት ሳምንት ያህል ያቺን መንገድ ሳትቆም መጨረስ አቅቷት ነበር። ጠዋት ቁልፉን ስነካት ትነሳለች። ሃያ ደቂቃ ትሮጣለች። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን እንደዘጋባት ሁሉ ድርግም! ጥላ ፈልጌ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ቀዝቅዛ ስለሆነ ጤነኛ ናት። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠው ዕቃ) ተቀየረ። የቤንዚን ማጣሪያ ተቀየረ። ቀጥሎ ፓምፑም ተቀየረ፣ እሱ ነው ኪሴን ያራቆተው። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋተኛ የክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ሴንሰር ነበር።

ይህ ሴንሰር ቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) አጠገብ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ቮላኖው ላይ ያሉት ጥርሶች በፊቱ ባለፉ ቁጥር እሳቱንና ቤንዚኑን ለሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ምልክት ይልካል። ምልክቱ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል። እሳቱንም ቤንዚኑንም አንድ ላይ ያቋርጣል። ውስጡ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ሽቦው ከተሰነጠቀ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነካካል። ባለ ካርቡራተር ሞተር ሳይክሎችም ተመሳሳይ ዕቃ አላቸው፤ ብዙ መካኒኮች ፒካፕ ይሉታል።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አጠፋፏን አስተውሉ። እየተንገጫገጨች፣ አቅም እያጣች ከጠፋች መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠርጥሩ። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ሲደፈንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ወዲያው ከተነሳች ተገላገላችሁ። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ የነዳጅ መስጫ ሴንሰሩ ወይም የቆሸሸ የአየር መግቢያ ሊሆን ይችላል። በሙሉ ጉልበት እየሄደች ድንገት ድርግም ካለች ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ምልክት አለ። ማርሽ ውስጥ እያላችሁ ከጠፋች ፍሪሲዮን ለመያዝ አትቸኩሉ። መንገዱ ባዶ ከሆነና ከኋላ የሚመጣ ከሌለ የአርፒኤም ቀስቱን (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየውን) እዩት። ጎማው ሞተሩን እያዞረው ስለሆነ ቀስቱ ገና ቁጥር ማሳየት አለበት። የዳሽቦርዱ መብራት በርቶ ቀስቱ ወዲያው ዜሮ ላይ ከወደቀ ኮምፒውተሩ የክራንክሻፍቱን ምልክት አጥቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ነፃ የሆኑትን ነገሮች አጣሩ። የባትሪውን ጫፎችና የማሳውን ሽቦ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውን) በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉ። የጎን መቆሚያውን ስዊችም አትርሱ፤ ጭቃ ከገባበት፣ ጉድጓድ ባለፋችሁ ቁጥር ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላል።

የሞተር ምልክት መብራት ካለ ብልጭታውን ቁጠሩ። ለምሳሌ በብዙ የሆንዳ ሞዴሎች ረጅሙ ብልጭታ 10፣ አጭሩ 1 ነው። 7 የሙቀት ሴንሰሩን፣ 8 የነዳጅ መስጫውን ሴንሰር ያመለክታል። ኮዱ የሚነግራችሁ ግን ችግሩ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ነው። የተበጠሰ ሽቦም የሞተ ሴንሰርም አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣሉ። ኮድ ከሌለም ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የእኔዋ አንድም ቀን መብራት አብርታ አታውቅም።

ዋናው ሥራ የሚሠራው መንገድ ላይ፣ እንደጠፋች ነው። ትርፍ ካንዴላ ያዙ። ቁልፉን ስትከፍቱ የቤንዚን ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝዝ ማለት አለበት፤ ጆሯችሁን ጣሉ። ከዚያ የካንዴላውን ኮፍያ ነቅላችሁ ትርፉ ላይ ሰኩት። ዋናው ካንዴላ ከቦታው አይነሳ። የትርፉን ብረት ሞተሩ ላይ አስደግፋችሁ ሞቶሪኖውን (ማስነሻውን) አዙሩ። በባዶ እጅ አትያዙት፣ ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታም አታድርጉት። ፓምፑ እያጉረመረመ እሳት ከሌለ ክራንክሻፍት ሴንሰሩ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። እሳቱ ደህና ከሆነ ወደ ቤንዚኑ ተመለሱ።

አሁን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው)። ቁልፉን ዝጉ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ። ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ በኦም (በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ለኩት። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ አሠራሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል በኦም አትለኩት። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 500 ኦም ውስጥ ይወድቃሉ። የእኔው ቀዝቃዛ ሳለ 212 አነበበ። እንከን የለሽ! ከእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ተዋስኩና ማሞቅ ጀመርኩ። 220፣ 235፣ 248። ቁጥሩ መውጣቱ ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የመዳብ ኦም 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚያ ቴስተሩ በድንገት ቁጥሩን ጥሎ በግራ በኩል 1 ብቻ አሳየኝ። መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ማድረቂያውን አጠፋሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ 230 አለ። ሦስት ሳምንት ያለፋኝ ነገር ጠረጴዛ ላይ በአሥር ደቂቃ ታየ።

ሴንሰሩ ሞቆም ካልተቆረጠ ሽቦውን እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት ድረስ እያጠፋችሁ ለኩት። መሪው ሲዞር የሚታጠፍበት ቦታና በፍሬሙ ጠርዝ የሚያልፍበት ቦታ የታወቁ የመበጠሻ ቦታዎች ናቸው።

የነዳጅ መስጫውን ሴንሰር የምትጠረጥሩ ከሆነ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ለኩ። 5 ቮልት ይገባዋል። በምልክት ሽቦው ላይ ተዘግቶ 0.5 ቮልት አካባቢ፣ ሙሉ ሲከፈት ከ4 በላይ ይሆናል። መስጫውን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ቮልቱ ያለ መዝለል መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ የድሮው ባለ ቀስት ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻላል፤ ዲጂታሉ ዘገምተኛ ስለሆነ አጭሯን መቆራረጥ ያሳልፋታል።

አዲሱን ሴንሰር ስታስገቡ በእሱና በቮላኖው ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ሞዴላችሁ ከሚጠይቀው ጋር አስተያዩ። ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሽቦውንም ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አርቃችሁ እሰሩት። የእኔው አሮጌ ሽቦ ሲወጣ ሽፋኑ በአንድ በኩል እንደ ማስቲካ ለስልሶ ነበር።