ሕመም ይዞ የሚኖር ሰው ምን ያህል «እችላለሁ» እንደሚል እንዴት ይለካል?

ደሴ ውስጥ ወገቡን ለዓመታት የሚያመውን ሰው «እንዴት ነህ?» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፤ ወይ «አልሃምዱሊላህ» ወይ «ተመስገን»። ሐኪም ጋ ሲቀርብ ደግሞ «ከ0 እስከ 10 ሕመምህ ስንት ነው?» ይባላል። 7 ይላል፣ 7 ተብሎ ይጻፋል። ግን 7 ካሉት ሁለት ሴቶች አንዷ ሰኞ ገበያ ወርዳ ሸምታ ስትመለስ ሌላዋ ከአልጋ አትወርድም። የሕመሙ ቁጥር ይህንን አይነግራችሁም።

የጎደለው ጥያቄ «እያመመሽም ቢሆን ይህን ማድረግ እችላለሁ ብለሽ ምን ያህል ትተማመኛለሽ?» የሚለው ነው። ሐሳቡን አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. አሰፋው። ለሕመም የሚሆነውን መጠይቅ ያዘጋጀው ደግሞ አውስትራሊያ የሚሠራው ማይክል ኒኮላስ ነው። 10 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 (ምንም አልተማመንም) እስከ 6 (ሙሉ በሙሉ እተማመናለሁ) ይመለሳል፣ ድምሩ ከ60 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ ሰውየውን እዩ። ይህ ከ3 ወር በላይ ለቆየ ሕመም ነው። ድንገት የጀመረ፣ ትኩሳት ያለው፣ እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ከሆነ መጠይቁን ተዉት፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ።

2. ብቻውን ጠይቁት። ምራት፣ ልጅ፣ ጎረቤት ባለበት እውነቱ አይወጣም፤ እናትየዋ «እችላለሁ» ልትል ስትል ልጅቷ ቀድማ «ኧረ እሷ ምንም አትችልም!» ትላለች፣ በቃ አለቀ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እየተንገጫገጨ ወጥቶ የመጣ ሰውም ትንሽ ይረፍ።

3. አሁን ጠይቁ። መጠይቁ የሚነካው የዕለት ኑሮን ነው፦ የቤት ሥራን፣ ከሰው መቀላቀልን፣ የሚወዱትን ማድረግን፣ ሕመሙን መቋቋምን፣ የሕይወት ግብን፣ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ መጀመርን። ጥያቄውን አትቀይሩት፣ በምሳሌ ግን ልታስረዱ ትችላላችሁ። ከሰው መቀላቀል ሲባል ቅሬ (የሠፈር ዕድር) መውጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ጎረቤት ቡና መጠጣት ነው።

ሁለት ጥያቄዎች ላይ ሰው ይሰናከላል። አንዱ ስለ ሥራ የሚጠይቀው ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ የነበረና በወገቡ ምክንያት ቤት የዋለ ሰው «ሥራ የለኝም» ብሎ 0 ይላችኋል፤ ጥያቄው ግን ደሞዝ የማይከፈልበትንም ይጨምራል፣ ልጅ መያዝም ሽንኩርት መላጥም ሥራ ነው። ሌላው «ያለ መድኃኒት ሕመሜን መቋቋም እችላለሁ» የሚለው ነው። ይህን ሲሰሙ መድኃኒት ልታስጥሏቸው የመጣችሁ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም በሏቸው፤ የታዘዘውን ማንም በዚህ ምክንያት እንዳያቋርጥ።

4. ቁጥር እምቢ ካለ የቡና ፍሬ አውጡ። በወሎ «ምን ያህል ትተማመኛለሽ?» ተብላ «አላህ ያውቃል» የማትል እናት ብርቅ ናት፣ ደግሞም ልክ ናት፤ ግን ወረቀት ላይ የሚጻፍ መልስ አይሆንም። 6 ፍሬ ፊቷ አስቀምጡና «ምንም ካልተማመኑ አንዱንም አያንሱ፣ ፍጹም ከተማመኑ ስድስቱንም ያንሱ» በሏት። አራት አንስታ፣ ቆም ብላ አንዱን ስትመልስ ታያላችሁ። 3 ብላችሁ ጻፉ። «ሠርተውት ያውቃሉ ወይ?» እያላችሁ ግን አትከራከሩ። የምትለኩት እምነቷን ነው፤ ቤት ውስጥ ሁሉን የሚሠራላት ሰው ስላለ ሞክራው ላታውቅ ትችላለች።

5. ደምሩ። 40ና ከዚያ በላይ ጥሩ ምልክት ነው፣ ከ20 በታች ዝቅተኛ ነው። ጥያቄዎቹን ራሳችሁ ተርጉማችሁ ከሆነ ግን እነዚህን መስመሮች እንደ ፍርድ አትያዙ፤ ሰውየውን ከራሱ ያለፈ ውጤት ጋር ብቻ አስተያዩ። የአንድና የሁለት ነጥብ ለውጥ ምንም ማለት አይደለም፤ ደሴ ብርድ የገባበት ሰሞን ብቻውን ያን ያህል ሊቀንስ ይችላል። ጊዜ ለሌለው ባለሙያ ስለ ሥራና እንደ ወትሮው ስለመኖር የሚጠይቁትን ሁለቱን ብቻ የያዘ አጭር ቅጽ አለ፣ ከ12 ይደመራል።

ዝቅተኛ ውጤት ስንፍና ማለት አይደለም፣ ሰውየው ፊት እንዲህ የሚል ዘመድ ካለም ዝም አሰኙት። ከድብርት ጋር አብሮ ሊመጣ ስለሚችል እንቅልፉንና ስሜቱንም ጠይቁ፣ ካሳሰባችሁ ለሐኪም ንገሩ።

6. ተጠቀሙበት። ወረቀቱን ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ካለ አሳዩት። 0 የተባለው ላይ አትጀምሩ፣ 2 ወይም 3 የተባለው ላይ ጀምሩ። ጎረቤት ቡና 3 ከሆነ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ትሂድ፣ አንድ ስኒ ጠጥታ ትመለስ፤ ቢያማትም ባያማትም በተባለው ቀን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ሰው በዚያው አኳኋን ይጠይቃት። ፍሬዎቹንም እንደገና አውጡ፣ የበፊቱን ቁጥር ግን አስቀድማችሁ አትንገሯት።