የጀልባ ጌጅ በቮልስ ዳሽቦርድ ላይ፦ መርፌው ሲዋሽ ችግሩ የት ነው?

ከጣና ጀልባዎች የወረዱ አሮጌ ጌጆች (ነዳጅ፣ ሙቀት፣ ግፊትና የመሳሰሉትን የሚያሳዩ መለኪያዎች) ለቮልስም ለአሮጌ ላንድሮቨርም ዳሽቦርድ ጌጥ ናቸው። የናስ ቀለበታቸው፣ ወፍራም መስታወታቸው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ በግልጽ የሚነበበው ፊታቸው በአዲስ ዕቃ አይገኝም። ጣጣው የሚመጣው ከተገጠሙ በኋላ ነው። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ከግማሽ በላይ ያሳያል፣ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው የዙር ጌጅ ከእውነተኛው ሲሶውን ብቻ ይናገራል፣ የፊት መብራት ሲበራ መርፌዎቹ ሁሉ አብረው ይዘላሉ። ያን ጊዜ «ጌጁ አርጅቷል» ተብሎ ይጣላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጌጁ ጤነኛ ነው። የጀልባ ሴንሰር፣ የጀልባ ሽቦ አዘረጋግና አንዳንዴም የባሕር ጠለል ከፍታ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ፣ መኪና ውስጥ የሚነገረውን አይረዳም።

ስለዚህ ዳሽቦርዱን ከመብሳት በፊት ጌጁን ጠረጴዛ ላይ ይፈትኑ። 12 ቮልት ባትሪ፣ 1 አምፔር ፊውዝና ሦስት ሽቦ ይበቃል። ከኋላው ሦስት እግሮች ያገኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ «አይ»፣ «ጂ» እና «ኤስ» በሚሉ የላቲን ፊደሎች ይለያሉ። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው)፣ ሦስተኛው የሴንሰር ነው። ፖዘቲቩንና ማሳውን ያገናኙና የሴንሰሩን እግር ባዶ ይተዉት፤ ቀጥሎ በሽቦ ለአንድ አፍታ ከማሳው ጋር ያገናኙት። የነዳጅ ጌጅ ከሆነና ባዶ ሲተዉት ወደ ባዶ፣ ማሳ ሲያስነኩት ወደ ሙሉ ከሄደ የአሜሪካ ዓይነት ነው፤ ባዶ ታንከርን በ240 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ)፣ ሙሉውን በ33 ኦም ያነባል። በተቃራኒው ከሄደ የአውሮፓ ዓይነት ነው፤ ባዶው 10 ኦም፣ ሙሉው 180 ኦም አካባቢ ይሆናል። የዘይት ግፊት ጌጅም በዚሁ ሥርዓት ይለያል። የሙቀት ጌጅ ግን በዚህ መንገድ አይለይም፤ በሁለቱም ዓይነት ማሳ ሲነካ ወደ ሞቃቱ ጫፍ ነው የሚሄደው። መርፌው በሁለቱም ሙከራ ንቅንቅ ካላለ ያን ጊዜ በእርግጥ ተቃጥሏል።

ታንከሩ ባዶ ሆኖ ጌጁ ከግማሽ በላይ ያሳያል

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ መንገድ ላይ ያስቀራል። በኤሌክትሪክ ጌጅ የሚሠራ የቮልስ ታንከር ሴንሰር ባዶ ሲሆን ወደ 73 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን ወደ 10 ኦም ይሰጣል። የአሜሪካ የጀልባ ጌጅ ደግሞ ግማሽ ታንከርን የሚያነበው 103 ኦም አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ 73 ኦም ሲደርሰው፣ ታንከሩ ጠብታ ሳይኖረው፣ ከግማሽ ያለፈ ነዳጅ አለ ይላል። ሬዚስተር ጨምሮ ማስተካከል የሚሞክር አለ፤ አንዱን ጫፍ ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል፣ የተገለበጠ አነባበብን ደግሞ ጭራሽ አያቃናም።

ትክክለኛው መፍትሄ ለጌጁ የሚስማማ ሴንሰር ታንከሩ ላይ መግጠም ነው። ክንዱ የሚስተካከል፣ 240 በ33 የሆነ የጀልባ ሴንሰር ይፈልጉ። የታንከሩን ጥልቀት በንጹሕ እንጨት ለክተው የሴንሰሩን ቁመት ግማሹ ላይ ያድርጉ፤ ተንሳፋፊው ከታችም ከላይም ታንከሩን ሳይነካ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ይቁም። የብሎን ቀዳዳዎቹ ካልገጠሙ በ3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ማስማሚያ ያስሠሩ እንጂ ታንከሩን አይብሱ። ጓርኒሲዮኑ (በሴንሰሩና በታንከሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ቤንዚን የሚችል ጎማ ይሁን፤ ተራ የካላማዳሪ ጎማ አብጦ ያፈስሳል። የቮልስ ታንከር 40 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ ከባዶ ተነሥተው 10 ሊትር በ10 ሊትር እየጨመሩ ኦሙን በመልቲሜትር ይለኩና ይመዝግቡ። የቮልስ ታንከር ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የጌጁ «ሩብ» የነዳጁ ሩብ አይደለም፣ ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ከባሕር ዳር ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሊትር እንዳለው አይሳሳትም።

መብራት ሲበራ ወይም ፍሬቻ ሲበራ መርፌዎቹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ

ይህ የማሳ ችግር ነው። የዋንዛ ጣውላ ዳሽቦርድ የሚሠሩ ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ዋንዛ ውብ ነው፣ ኤሌክትሪክ ግን አያስተላልፍም። ጌጁ ከብረት ዳሽቦርድ የሚያገኘው ማሳ ከዚያ ላይ የለም። ለሁሉም ጌጆች አንድ የጋራ ባለ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ማሳ ሽቦ ይዘርጉና ከሞተሩ ብረት ወይም በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ያስሩት። ዝገት በያዘ የቦዲ ብሎን አይመኑ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መብራቱን አብርተው በጌጁ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ቮልት ይለኩ። ከ0.1 ቮልት ከበለጠ መንገዱ ላይ ተቃውሞ አለ ማለት ነው።

በሙቀት ሴንሰሩ በኩልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የሴንሰሩን ጥርስ በቴፍሎን ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ነው፤ ሴንሰሩ ግን ማሳውን የሚያገኘው በዚያው ጥርስ ነው። ቴፍሎኑ በዛ ሲል ተቃውሞ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። ሾጣጣ ጥርስ ከሆነ ቴፍሎን አያስፈልገውም፤ ካስፈለገም ከጫፉ ሁለት ጥርስ ትተው አንድ ዙር ብቻ ያድርጉ። ብዙ የጀልባ ሴንሰሮች ደግሞ ሁለት እግር አላቸው፤ ብረት በውኃ ውስጥ በኤሌክትሪክ እንዳይበላ ሲባል ማሳው ከሞተሩ ተለይቶ በራሱ ሽቦ ይመለሳል። መኪና ላይ አንዱን እግር ወደ ጌጁ፣ ሌላውን ወደ ማሳ ያስሩ። አንዱን እግር ብቻ አስረው «አይሠራም» ያሉት ሴንሰር ብልሽት የለበትም።

አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው ገመድ ከመንካቱ በፊት ባትሪውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ቦዲያቸው ላይ የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። የጀልባውን ጌጅ እንደ ቮልስ ካሰሩት ሽቦ ይቃጠላል።

የዙር ጌጁ ሲሶውን ብቻ ያሳያል

ሞተሩ 3,000 ዙር ሲዞር ጌጁ 1,000 ካለ ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ብዙ የጀልባ ጀርባ ሞተሮች ባለ12 ፖል (መግነጢሳዊ ጫፍ) ቻርጅ ኮይል፣ ማለትም ባትሪ የሚሞላ የሽቦ ጥቅል፣ ስላላቸው በአንድ ዙር 6 ምት ይልካሉ፤ የባለ4 ሲሊንደር መኪና የብልጭታ ኮይል ግን በአንድ ዙር 2 ምት ብቻ ይሰጣል። ከጌጁ ጀርባ በቀጭን ካቻቢቴ የሚዞር መምረጫ ካለ ወደ 4 ፖል ወይም ወደ 4 ሲሊንደር ያዙሩት። ጌጁ ለዓመታት ሳይነካ ከቆየ የመምረጫው መገናኛ ኦክሳይድ ይይዛል፤ አሥር ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ካዞሩት በኋላ ቦታው ላይ ያቁሙት።

ለቻርጅ ኮይል ብቻ የተሠራ ጌጅ ከሆነ ሌላ አደጋ አለ። የመኪናው ኮይል ኔጌቲቭ እግር ላይ በእያንዳንዱ ብልጭታ መቶዎች ቮልት ይዘላል፣ ጌጁንም ይገድለዋል። ከኮይሉ አጠገብ 10 ኪሎ ኦም፣ ግማሽ ዋት ሬዚስተር በተከታታይ ያስገቡ። አልተርኔተር ያለው መኪና ምቱን «ደብልዩ» ከተባለው የአልተርኔተር እግር መውሰድ ይችላል፤ የጥንቱ የቮልስ ዲናሞ ግን ይህ እግር የለውም።

የዘይት ግፊት ጌጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሴንሰሩ ሥር ዘይት ያፈስሳል

የአሜሪካ የጀልባ ሴንሰር ጥርሱ በኢንች 27 የሆነ ስምንተኛ ኢንች ሾጣጣ ነው፤ የቮልስ ቀዳዳ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ መጀመሪያ ላይ የሚገቡ ይመስላሉ። በቁልፍ ካስገደዱት የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ጥርሱ ይላጫል፤ ያ ጉዳት ከጌጁ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ማስማሚያ ይጠቀሙ። ከባዱን ሴንሰርም በቀጥታ ሞተሩ ላይ አይስቀሉት፤ ኮሮኮንች ላይ እየተርገፈገፈ አንገቱን ይሰብራል። በ30 ሴንቲ ሜትር የዘይት ቱቦ ወደ ቦዲ ያውርዱት፣ ከዚያም ማሳ ሽቦ ይስጡት። በ«ቲ» ማያያዣ የዘይት ማስጠንቀቂያውን ቀይ መብራት መቀስቀሻም ያስቀሩ። ጌጅ ሁልጊዜ አይታይም፣ ቀይ መብራት ግን ይታያል።

ጌጁ ጤነኛ ሆኖ ንባቡ ከመመሪያ መጽሐፉ አይገጥምም

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፣ ይህም ሦስት ዓይነት ጌጅ ላይ ይታያል። የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካው) በጤነኛ ሞተር ስራ ፈት ሲዞር በባሕር ጠለል ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል፤ እዚህ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ ከ11 እስከ 15 ይጠብቁ። ይህን የማያውቅ ሰው ቫልቭ አስፈትቶ በከንቱ ይከፍላል።

ሁለተኛው በመዳብ ቱቦ የሚሠራ፣ ቀፎው የታሸገ የግፊት ጌጅ ነው። በባሕር ጠለል የታሸገው አየር ውስጡ ስለቀረ ሞተሩ ጠፍቶ መርፌው ከዜሮ በታች እስከ 3 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ) ይወርዳል። እስከ 80 የሚያነብ የዘይት ጌጅ ላይ ለውጡ ከቁም ነገር አይገባም፤ እስከ 15 በሚያነብ የነዳጅ ግፊት ጌጅ ላይ ግን ብዙ ነው። የቀፎው የጎማ ውታፍ ካለ ለአንድ አፍታ ከፍተው አየሩን ያስተካክሉ። መርፌውን አያጥምዙ።

ሦስተኛው ውኃ የሚጠቀም ሞተር ሙቀት ነው። በባሕር ዳር ክዳኑ የተከፈተ ራዲያተር ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 13 ፒ.ኤስ.አይ የሚይዝ ክዳን ሲኖረው ወደ 115 ይደርሳል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ጌጁ 95 እያለ ውኃው እየፈላ ነው፤ ጌጁን ሳይሆን ክዳኑን ይቀይሩ። ቮልስ ውኃ ስለሌለው የሙቀት ጌጁን ለዘይት ነው የሚያውሉት።

የፍጥነት ጌጁ አይነቃነቅም

አይነቃነቅምም። ጥንታዊው የጀልባ ፍጥነት ጌጅ ኬብል የለውም፤ ጀልባው ወደፊት ሲሄድ ውኃው በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት ነው የሚለካው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ግፊት 14 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ነው፤ ንፋስ በዚያው ፍጥነት የሚፈጥረው ከዚያ ሺህ ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ቱቦውን ወደ ንፋስ ማዞር ዋጋ የለውም። ለጌጥ ይተዉትና የመኪናውን የራሱን የፍጥነት ጌጅ በሚታይ ቦታ ያስቀሩ። ፊቱ በኖት ከተጻፈም አንዱ ኖት 1.852 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

አምፔር ጌጁ ጀርባው ይሞቃል

የመኪናው ኃይል ሁሉ በውስጡ ያልፋል። ባለ30 አምፔር ጌጅ ከባለ55 አምፔር አልተርኔተር ጋር አይገናኝም፤ እሳት ያስነሣል። ያውጡትና በምትኩ ቮልት ጌጅ ያስገቡ፤ ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት።

መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይይዛል

በክረምት ይበረታል። የቀለበቱ ጎማ ደርቆ እርጥበት ገብቷል። ጌጁን ከዳሽቦርዱ አውጥተው ለሁለት ቀን ሩዝ ውስጥ ሳይሆን ሞቃት፣ ደረቅና ጥላ ያለበት ቦታ ያቆዩት፤ ከዚያ ቀለበቱን ዙሪያውን በቀጭን ሲሊኮን ያሽጉ። ቀለበቱን ከፍቶ ማጽዳት የሚፈቀደው ግን የጌጁን ዕድሜ ካወቁ ብቻ ነው። በጣም አሮጌ በሆኑ የመርከብና የጀልባ ጌጆች ላይ ቁጥሮቹና መርፌው በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡት ለጤና አደገኛ ጨረር በሚያመነጭ ራዲየም ነበር። ቀለሙ ዛሬ ባያበራም ራዲየሙ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንሰው በ1,600 ዓመት ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ፣ የሚፈረፈር ወፍራም ቀለም ካዩ መስታወቱን አይክፈቱ፣ አይፋቁ፣ አቧራውንም አይንፉ። መስታወቱ ከተሰነጠቀ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ዳሽቦርድ ላይ አይወጣም።