አዲስ ቲቪ ገብቶ በሳምንቱ ለምን ይቃጠላል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ፣ ሰፈሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ትልቅ ቲቪ፣ ሆም ቲያትር፣ አዲስ ሪሲቨር ይገባና ሳይሰነብት ይቃጠላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው አይደለም። ዕቃው ተለወጠ፣ የሚሰካበት መስመር ግን ያው የድሮው ነው።

ስታቢላይዘርን ለሁሉም መድኃኒት ማድረግ

ቲቪ የገዛ ሁሉ ርካሽ ስታቢላይዘር አብሮ ይዞ ይመለሳል። ኧረ ተዉ! መጀመሪያ የቲቪውን ጀርባ ያንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ዝቅታውን ራሱ ይችለዋል፤ ወደ 150 ቢወርድ እንኳ ምስሉ አይነቃነቅም። የሚገድለው ከፍታ ነው፤ ከፍታውን ደግሞ ርካሹ ስታቢላይዘር ራሱ ይፈጥራል።

እንዴት ቢሉ፣ ከትራንስፎርመር ርቆ መስመሩ ጫፍ ላይ ባለ ሰፈር ማታ ማታ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ወደ 160 ይወርዳል፤ አንዱ ምጣድ ብቻ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ስታቢላይዘሩ 160ን በ1.375 አባዝቶ 220 ያደርገዋል። ምጣዶቹ ተነቅለው መስመሩ ድንገት 230 ሲመጣ፣ ውስጡ ያለው ሪሌይ (በራሱ የሚቀያየር ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ብሎ እስኪቀይር ድረስ ማባዛቱን አያቆምም። 230 በ1.375 ሲባዛ 316 ነው። ይህ በቲቪው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ወደ ዲሲ ሲቀየር 447 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ እዚያ ያለው ዋና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ቆርቆሮ መሰል ዕቃ) አብዛኛውን ጊዜ 400 ወይም 450 ቮልት ነው የሚችለው። አንድ ሁለት ጊዜ ይችለዋል፣ ከዚያ አናቱ ያብጥና ቲቪው መነሣት ያቅተዋል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኼ ነው።

የሚያስፈልገው የሚያባዛ ሳይሆን የሚቆርጥ መከላከያ ነው። ከ250 ሲበልጥ ወይም ከ160 ሲያንስ የሚዘጋ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቆ የሚከፍት፣ ቮልቴጁን በቁጥር የሚያሳይ ይምረጡ። ጀርባው «220–240» ብቻ የሚል አምፕሊፋየር ካለ ስታቢላይዘር ይገባዋል፤ መከላከያውን ግን ከስታቢላይዘሩ በኋላ፣ ከዕቃው በፊት ያድርጉት። ስታቢላይዘርን በስታቢላይዘር ላይ የሚሰካም አለ፤ ለእሱ ምን ይባላል?

አምፖሎቹ ድንገት ከወትሮው ሲደምቁ ዝም ማለት

ኒውትራሉ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ላልቷል ማለት ነው። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲላቀቅ ብዙ ዕቃ ያልተሰካበት ቤት ቮልቴጅ ወደ 380 ይንደረደራል። በሪሞት ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ ሮጠው ዋናውን ብሬከር ያውርዱ።

ከአሜሪካ የመጣን ዕቃ በአዳፕተር መሰካት

ጠፍጣፋ እግሩን ክብ የሚያደርገው አዳፕተር ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አይለውጥም። «120 ቮልት 60 ኸርዝ» ብቻ የተጻፈበት ዕቃ እዚህ በተሰካ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ሳውንድ ባር ላይ የተደበቀ ወጥመድም አለ፤ የባሩ ቻርጀር 100–240 ሆኖ፣ ለብቻው የሚሰካው ሳብዉፈር 120 ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጽሑፎች ያንብቡ። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሲገዙም ዕቃው 300 ዋት ካለ 500 ይግዙ።

ሶኬት ሳይነቀል ገመድ መቀያየር

የዲሽ ገመዱን ጫፍ ሲነኩ ጣትን የሚነዝረው ነገር በከንቱ አይደለም። ባለ ሁለት እግር ሶኬት ያላቸው ቲቪና ሪሲቨር ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የላቸውም፤ ፓወር ሰፕላያቸው ወደ ብረት አካላቸው ትንሽ ከረንት ያሾልካል። ቴስተር ቢያስነኩት 110 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። የዲሹ ብረት በበኩሉ መሬት ነክቷል። ቲቪውና በዲሽ ገመዱ መሬት የነካው ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ ያ ልዩነት በኤችዲኤምአዩ ቀጭን እግር በኩል ያልፍና ማስገቢያውን ይገድላል፤ ከዚያ ሰው ሪሲቨሩን ይራገማል። ሪሲቨሩ በዲሽ ገመዱ ወደ ላይ 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ፣ ከገመዱ ዙሪያ መረብ አንዲት ሽቦ የመሐሉን ሽቦ ብትነካ ሾርት ነው። ቅደም ተከተሉ ይኸው፦ ሁሉም ሶኬት ይነቀል፣ ቀጥሎ የዲሽ ገመድ ይታሠር፣ ከዚያ ኤችዲኤምአይ ይሰካ፣ ሶኬት መጨረሻ።

ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁርም ሶኬቱን ነቅሎ የዲሽ ገመዱን መርሳት የተለመደ ነው። የመብረቅ ጉልበት በዲሽም ይገባል፤ ሁለቱም ይነቀሉ።

አምፕሊፋየርን ማፈን

ቡፌ ውስጥ ተዘግቶ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ተደርቦበት፣ ሥሩ ረከቦትና ዕጣን! የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ወለል አንፃር ወደ ሩብ የሚጠጋ የሳሳ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያነሣም፤ የዕጣን ጭስ ደግሞ አቧራውን ፋኑ ላይ ይለጥፈዋል። ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዉለት፣ የቡፌውን ጀርባ ይክፈቱት፣ ዳንቴሉንም ያንሡ (እማማ ቢቆጡም)።

ድምፅ ለመጨመር ሲሉ በአንድ ቻናል ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ፓራለል ማሠርም እዚሁ ይመደባል፤ አንድ ላይ 4 ኦም ይሆናሉ። ጀርባው «6–16 ኦም» የሚል አምፕሊፋየር ውሎ አድሮ ይቃጠላል። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ደግሞ ቀድሞ የሚሞተው ቲዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ነው፤ ይቀንሱ።

የቀሩት

የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ አይተካም፤ ቁጥሩ ተነቦ በዚያው ይተካል። ስክሪን ላይ ውኃ አይረጭም፤ ጠብታው ወደ ታችኛው ጠርዝ ወርዶ መስመር ያስወጣል። ቲቪ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ፊሸር አይዝም፤ ባዶ ያልሆነው ክፍሉ ላይ ይብሱ፣ ጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚው እንጨት ላይ። ብሎኑ ከማቀፊያው አልፎ ቲቪው ውስጥ የሚገባው ርዝመት ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። ከዚያ የረዘመ ብሎን ቦርዱን ይወጋዋል፤ ለዚህ ደግሞ ዋስትና አይሠራም።