ቲሸርቱ ሲመጣ ስማችን ጠፋ

ወሎ ውስጥ እድርን ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚረዳዳበት ሰፈር ብዙ ነው። በጎ አድራጎት ማህበር ስናቋቁምም ልማዱን የምንወስደው ከዚያ ነው። ከነጋዴ ጋር መሥራት ላይ ግን እንስታለን። እኔም ደሴ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ማህበር ጸሐፊ ሆኜ ስቻለሁ።

ትልቁ ስህተት ስምን በነጻ መስጠት ነው። አንድ ድርጅት ለምንረዳቸው ልጆች ቲሸርት አመጣ። ሐምሌ ነበር። የጦሳ ተራራን ብርድ ደሴ የኖረ ያውቀዋል። ቲሸርቱን ክርናቸው በተቀደደ ሹራብ ላይ ደርበንላቸው ፎቶ አስነሳናቸው። ደረቱ ላይ የድርጅቱ ሎጎ ጉብ ብሏል። የኛ ስም ከጀርባ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል። ሰፈሩ ልጆቹን በድርጅቱ ስም ይጠራቸው ጀመር። በየወሩ 20 ብር የሚሰጡን አንዲት እናት «እናንተንማ ባለሀብት ይዟችኋል፤ የኔ 20 ብር ምን ትሠራለች?» ብለው አቆሙ። በዓመቱ ድርጅቱ ሄደ። እኚሁ እናት መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ተዘጋ አላሉም እንዴ?» አሉኝ። ስማችን የት፣ በምን መጠን እንደሚጻፍ መግባቢያ ሰነዱ ላይ አንዲት መስመር አላስገባንም ነበር።

ሌላው፣ ሰጪው ምን እንደሚያመርት ረስቶ መቀበል ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅም ቢራም ይመረታል። ግማሹ አባል ሙስሊም የሆነበት ማህበር የቢራ ባነር ከሰቀለ፣ ገንዘቡ ሳይገባ አባሉ ይወጣል።

ሊቀመንበሩ ብቻውን መፈረሙም አለ። ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ጉባኤው ያልመከረበትን ውል ጉባኤው አይሸከመውም።

የማይታየው ስህተት ሥራን በገንዘቡ ልክ መቁረጥ ነው። እኛ ያሰብነው ለልጆቹ አስጠኚ መቅጠር ነበር። ድርጅቱ «ችግኝ ብንተክል አይሻልም?» አለ። ችግኝ ክፉ ነገር አይደለም። ግን እምቢ ማለት ከበደን፣ ይሉኝታ ያዘን። ክረምቱን ሙሉ ጉድጓድ ስንቆፍር ከረምን። ልጆቹ ሒሳብ ወደቁ።

አንድ ሰጪ ላይ መንጠልጠል ግዴታ የሚመስለው አለ። አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በጎ አድራጎት ማህበራትን የመሳሰሉ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ግን አይቻልም። እኛ አሁን ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳን እናከራያለን። አንድ ጥጉ ተቀዷል፣ ዝናብ ያስገባል። የተጻፈበት ስም ግን የራሳችን ነው።